«ቀደር ነው» የማለት መብት የማን ነው?



ባለፈው ክረምት ጅማ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ላጽናናት የሚገባኝ አንዲት እናት እኔን አጽናናችኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጇ እኔ ከምነዳው ሞተር ሳይክል ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል፤ ግንባሩም ተፈንክቶ እየተሰፋ ነበር። እኔ ግን ጉልበቴ ከመላላጡ በስተቀር ምንም አልሆንኩም። እናቲቱ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ የአላህ ቀደር ነው፤ ምን ይደረጋል?» አለችኝ። እኔም ቶሎ ብዬ «አዎ፣ ቀደር ነው» አልኩ።

ያን ቃል ስናገር ደረቴን ተጭኖት የነበረው ድንጋይ የወረደልኝ መሰለኝ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እንቅልፍ የሚነሳኝ ታዲያ ያ የተሰማኝ ቅለት ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ እርሷም አለችው፣ እኔም አልኩት። ነገር ግን በእርሷ አፍና በእኔ አፍ ውስጥ አንድ ዓይነት ትርጉም ነበረውን? ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው።

ነገሩን ከመነሻው ላጫውታችሁ። ሥራዬ ጋዜጠኝነት ነው። ወደ ጅማ ከተዛወርኩ በኋላ ከሄርማታ ገበያ ወደ ጅሬን፣ አንዳንዴም እስከ አጋሮ ድረስ ለዘገባ ስመላለስ መኪና ጥበቃው አስመረረኝና ከደመወዜ አጠራቅሜ አንድ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ገዛሁ። እናቴ በስልክ ስትሰማ፣ «ልጄ፣ እኔን አፈር ሳታለብስ እንዳትቀድመኝ» ብላ አለቀሰች። መንጃ ፈቃድ እንዳለኝ ነግሬ ላረጋጋት ሞከርኩ።

መንጃ ፈቃድ መያዝና መንዳት ማወቅ ለየቅል መሆናቸውን ያስረዳኝ በሰፈሬ ጋራዥ የሚሠራ ወጣት ነው። ለአንድ ወር ያህል ከሱብሂ ሶላት በኋላ ወደ አንድ ገላጣ ሜዳ እየወሰደ አስተማረኝ። «ጋሼ፣ አዲስ ነጂ የፊት ፍሬን ይገለብጠኛል ብሎ ይፈራዋል፤ ሞተሩን በዋናነት የሚያቆመው ግን እርሱ ነው» አለኝ። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊተኛው ጎማ ስለሚሄድ የፊት ፍሬን ጉልበት ያገኛል። ሆኖም ቀስ በቀስ መጨመቅ እንጂ በድንገት መጨበጥ አይገባም፤ በተለይ መሪው ተጣሞ፣ መንገዱም ረጥቦ ሳለ በድንገት የጨበጠው ሰው ጎማው ተንሸራቶ ይጥለዋል። ዝናብ ገና መጣል ሲጀምር አስፋልቱ ላይ የነበረው ዘይትና አቧራ ስለሚላቀቅ መንገዱ ሳሙና እንደሚሆን ነገረኝ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆንም በሜዳው ላይ ድንጋይ እያስቀመጠ አሳየኝ። በመጨረሻም፣ «ጋሼ፣ እጅህ ሳይፈታ ሰው እንዳትጭን» አለኝ። ይህቺን የመጨረሻይቱን ምክር ልብ በሉልኝ።

ሄልሜቴን በክንዴ አንጠልጥዬ መስጂድ ስደርስ የሰፈር ወጣቶች ይቀልዱብኝ ነበር። «ጋዜጠኛው፣ አጀልህ ከደረሰ ይህ ቅል ያድንሃል?» ይሉኛል። እኔም መልስ አላጣሁም። ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ የፈለገውን ሰው ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድሞ እንዲያስራት፣ ከዚያም እንዲመካ እንደመከሩት የሚናገረውን ሐዲስ አወሳሁላቸው። መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ከተማይቱ ሲገቡ በራሳቸው ላይ የብረት ቁር እንደነበረ አነስ (ረ.ዐ.) ማስተላለፋቸውን ነገርኳቸው። ከእርሳቸው ይበልጥ በአላህ የሚመካ ማን ነበር? ከእርሳቸው ይበልጥ አጀል የተጻፈ መሆኑን የሚያውቅስ ማን ነበር? ሆኖም ራሳቸውን ሸፍነው ገቡ።

ዘመናዊውንም ታሪክ ጨመርኩላቸው። በዓረቦች አመጽ ውስጥ በነበረው ሚና የሚታወቀው እንግሊዛዊው ሎውረንስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 በአገሩ ሞተር ሳይክል ሲነዳ፣ ብስክሌት የያዙ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ወደቀ፤ ሄልሜት አላደረገም ነበርና ጭንቅላቱ ተጎድቶ ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ካዩት ሐኪሞች አንዱ የነበሩት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ባለሙያው ሂዩ ኬርንስ የሞተረኞችን የጭንቅላት ጉዳት ማጥናት ጀመሩ፤ በ1941 ባወጡት ጽሑፍም የሄልሜትን ጥቅም አሳዩ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር መልእክተኛ ሞተረኞቹ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ግምገማ ደግሞ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ገልጿል። ወጣቶቹ ዝም አሉ። በክርክሩ አሸነፍኩ፤ ማሸነፌም ደስ አሰኘኝ።

ክርክር ማሸነፍና በዕውቀት መሥራት ግን አንድ አይደሉም። ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ከአስር ሶላት በኋላ ወደ ቤት ልመለስ ስል የጎረቤቴ ልጅ ቁርኣኑን ደረቱ ላይ ታቅፎ ከቁርኣን ቤት ወጣ። ሰማዩ ጠቁሮ ማንጠባጠብ ጀምሯል። «ጋሼ፣ አድርሰኝ» አለኝ። ሰው እንዳልጭን የተመከርኩት ትዝ አለኝ፤ ግን መንገዱ ቅርብ ነበር። ኋላዬ ሲቀመጥ ሄልሜቴን በጣቱ ቆረቆረና «ለኔስ?» አለኝ። እኔም ስቄ፣ «ለአንተ አላህ አለልህ» አልኩት።

አንባቢ ሆይ! መስጂድ በር ላይ ከሌሎች አፍ ስሰማው የተከራከርኩት ያው ነገር ነው። በራሴ ጭንቅላት ላይ ሲመጣ ሐዲስ ጠቅሼ መለስኩት፤ በሰው ልጅ ጭንቅላት ላይ ሲመጣ ግን ራሴ ተናገርኩት።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ከፊታችን የነበረ ባጃጅ ተሳፋሪ ለመጫን ድንገት ወደ ዳር ታጥፎ ቆመ። ደነገጥኩ፤ መሪውን ጠምዝዤ የፊት ፍሬኑን ባለ ኃይሌ ጨበጥኩ። በሜዳው ላይ አታድርግ የተባልኩትን በሙሉ በአንዲት ቅጽበት አደረግሁ። ልጁ የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ መታ።

በራሱ ባጃጅ ሆስፒታል ያደረሰን ያው ሹፌር ነው። እናቲቱ «ቀደር ነው» ካለች፣ እኔም ካልኩ በኋላ፣ እርሱም አንገቱን ሰብሮ፣ «አላየኋችሁም ነበር፤ ቀደር ነው» አለ። ያን ጊዜ ቁጣዬ ገነፈለ። «የምን ቀደር! ከመታጠፍህ በፊት ስፖኪዮ ማየት አቅቶህ!» ብዬ ጮህኩበት። እርሱም ቀና ብሎ መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ ቀጥሎም በእጄ የያዝኩትን አንድ ሄልሜት አየ። ምንም አልተናገረም። መናገርም አላስፈለገውም። ከአንድ ደቂቃ በፊት ለራሴ የወሰድኩትን ምሕረት ለእርሱ ከልክዬዋለሁና።

እንግዲህ ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። በቀደር ማመን ከኢማን መሠረቶች አንዱ መሆኑን የማያውቅ ሙስሊም የለም። ነገር ግን ዑለማዎች አንድ ልዩነት አስቀምጠዋል፤ ሰው በደረሰበት መከራ በቀደር ይጽናናል፣ በሠራው ጥፋት ግን ቀደርን ማመካኛ ማድረግ አይችልም። እናቲቱ «ቀደር ነው» ስትል ሶብር ነበር፤ ለራሷ መብት አልጠየቀችም፣ የራሷን ሐዘን ለጌታዋ አስረከበች። እኔ ስል ግን ማምለጫ ነበር፤ የራሴን ጥፋት አላህ ላይ ጣልኩ። ቃሉ የተጎጂው መጽናኛ እንጂ የአጥፊው መሸሸጊያ አይደለም።

ለዚህ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደነግጠው ማስረጃ በሱረቱ ኒሳእ ውስጥ ይገኛል። አማኝን ሳያስብ፣ በስህተት የገደለ ሰው ለቤተሰቡ ደያ እንዲከፈል፣ ከፋራም እንዲፈጸም፣ ባሪያ ነጻ ማውጣት ያልቻለም ሁለት ተከታታይ ወራት እንዲጾም አላህ (ሱ.ወ.) ደንግጓል። እናስተውል! ገዳዩ አላሰበም፤ ሟቹም ከአጀሉ አንዲት ቅጽበት አላለፈም፣ አልቀደመም። ሆኖም ሸሪዓው «ቀደር ነበር፣ ሂድ» ብሎ አላሰናበተውም። ስልሳ ቀን እየተራበ እንዲያስብበት አደረገው። ቀደር ተጠያቂነትን የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ ይህ ሕግ ለምን አስፈለገ?

ዑመርም (ረ.ዐ.) በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሊመለሱ በወሰኑ ጊዜ፣ አቡ ዑበይዳህ (ረ.ዐ.) ከአላህ ውሳኔ ይሸሹ እንደሆነ ጠየቋቸው። የዑመር መልስ፣ ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ እንደሚሸሹ የሚገልጽ ነበር። በሽታው ቀደር ከሆነ መመለሱም ቀደር ነው። እኛ በሞተር ሳይክል ቋንቋ ስናስበው፣ የረጠበው አስፋልት ቀደር ከሆነ ቀስ ብሎ መንዳትም ቀደር ነው፤ የልጁ ራስ ተሰባሪ መሆኑ ቀደር ከሆነ ሁለተኛ ሄልሜት መግዛት መቻሌም ቀደር ነበር። ሁለቱም በፊቴ ነበሩ። የመረጥኩት እኔ ነኝ።

«ታዲያ ሰው ዕድሜ ልኩን ራሱን ሲወቅስ ይኑር ወይ?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ተውባ በር አላት። ግን የሰው ሐቅ ያለበት ጥፋት በእስቲግፋር ብቻ አይዘጋም፤ ሐቁን መመለስ፣ የተጎዳውንም ይቅርታ መጠየቅ ይከተለዋል። ይህን ፈጽሞ የጨረሰ ሰው ያን ጊዜ በቀደር ቢጽናና ያምርበታል። ስህተቱ ቃሉን ከተውባ በፊት ማስቀደሙ ነው።

ሞተር ለምትጀምሩ ወንድሞቼ ከዚህ የተረፈኝን ላካፍላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ሃሪ ኸርት የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በቦታው ተገኝተው መርምረው ባወጡት ጥናት፣ አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚያ ሞተር ላይ ከአምስት ወር ያነሰ ልምድ እንደነበራቸው፣ 92 በመቶው ደግሞ በራሳቸው ወይም ከወዳጅ ዘመድ የተማሩ እንደነበሩ ተገኝቷል። ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር በተደረጉት ግጭቶች ከሦስቱ በሁለቱ ቅድሚያ የነፈገው ባለመኪናው ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜም ሞተሩን አላየውም ነበር። የባጃጁ ሹፌር «አላየኋችሁም» ሲል እውነቱን ነበር ማለት ነው። ስለዚህ እንዳልታያችሁ ቆጥራችሁ ንዱ፤ በቀንም ቢሆን የፊት መብራታችሁን አብሩ፤ ከፊታችሁ ካለው ራቁ። የሄልሜቱን ማሰሪያ እሰሩ፤ ያልታሰረ ሄልሜት በወደቃችሁ ጊዜ ቀድሟችሁ ይበራል። የምትጭኗት እህት ጅልባቧን፣ የምትጭኑት አባት ሽርጡንና ነጠላውን ሰብስበው ካልተቀመጡ ጎማውና ካቴናው ይጎትተዋል። እግሩ መርገጫው ላይ የማይደርስን ሕፃን አትጫኑ። በረመዳን ከመግሪብ በፊት ያለውን ሩጫ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለኢፍጣር አምስት ደቂቃ ዘግይቶ ቴምር የሚቀምስ ሰው ጾሙ አይጎድልበትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል፤ ከእነዚህም 21 በመቶ ያህሉ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጎማ ሞተረኞችና ተሳፋሪዎች ናቸው። ከእነዚህ ስንቶቹ በሌላ ሰው ኋላ ተቀምጠው «ለኔስ?» ብለው ጠይቀው ይሆን?

የሕክምናውን ወጪ ሸፍኛለሁ፤ የልጁም ክንድ አልሐምዱሊላህ ገጥሟል። አንድ ነገር ግን ቀርቶኝ ነበር። ከወር በኋላ እናቲቱ ቤት ሄጄ፣ ልጇ ሄልሜት ጠይቆኝ ምን ብዬ እንደመለስኩለት ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። «ይህን ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። ልወጣ ስነሳ ግን፣ «ዐፍው ብዬሃለሁ ወንድሜ፤ ልጄን ግን ሁለተኛ እንዳትጭንብኝ» አለችኝ። ከ«ቀደር ነው»ዋ ይልቅ ይህ ከብዶኛል፤ ደግሞም አሳርፎኛል። አሁን ይቅር የተባልኩት ስለሠራሁት ነገር ነውና።

ዛሬ ሁለተኛ ሄልሜት አለኝ። ሞተሩ ላይ ስወጣ የመሳፈሪያውን ዱዓ አደርጋለሁ፤ ዱዓው የሚያበቃው ወደ ጌታችን ተመላሾች መሆናችንን በማስታወስ ነው። ስንመለስ የምንጠየቀው ስለ ራሳችን ነፍስ ብቻ ሳይሆን ከኋላችን ስለጫንነውም አማና ነው። አላህ አማናውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።