ሁለተኛው በትር

አንድ የዝቋላ ሰው በልጅነቱ ከዋግ ወጥቶ ድሬዳዋ ወረደና በምድር ባቡር ጣቢያ የሐዲድ መለያያ ጠባቂ ሆነ። ዝቋላ ያልኩት ተከዜ ዳር ያለውን፣ ከተማው ጽጽቃ የሆነውን ወረዳ ነው። የአቦውን ዝቋላ ተራራም ሰውየው ያውቀዋል፤ ባቡሩ ቢሾፍቱ ሲደርስ ከሩቅ እያየው "የአገሬን ስም ይዘህ ምን ታደርጋለህ?" ይለው ነበር። ይህ ሰው በእርግጥ ኖሯል ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ምሳሌ ነው። ሐዲዱ ግን እውነት ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነበር። መስመሩም ነጠላ ነበር። የሚሄደውም የሚመጣውም ባቡር በዚያው ስለሚያልፍ፣ ጣቢያ ላይ አንዱ ገለል ብሎ ሌላውን ያሳልፍ ነበር።

ሰውየው ጡረታ ወጥቶ አገሩ ሲገባ ሁለት የልጅ ልጆቹ "አባባ፣ ባቡር ምን ይመስላል?" አሉት። በአፍ ከመንገር መሥራት ይሻላል ብሎ ረጅም ጣውላ አስመጣ። አንዱን ሜትር ለ87 አካፈለና 12 ሚሊ ሜትር ገደማ አገኘ፤ በዓለም ዙሪያ ትንንሽ ባቡር የሚሠሩ ሰዎችም የሚጠቀሙበት ልክ ነው። ከወፍራም ሽቦ ሐዲድ ዘረጋ፤ ከሰርዲን ቆርቆሮ ፉርጎ ቆረጠ፤ ከተሰበሩ ቴፖች ለሁለት ባቡሮች ሞተር ፈታ። የባትሪ ድንጋዩን ባቡሩ ራሱ ይሸከማል። በጣውላው አንድ ጫፍ ሰቆጣ፣ በሌላው ጫፍ ጽጽቃ የሚባል ጣቢያ ቆመ። ሰቆጣን ትልቁ ልጅ፣ ጽጽቃን ትንሹ ያዙ።

ልጆቹ የፈለጉት ሐዲዱ እንዲረዝም ነበር። በየጣቢያው ሁለተኛ መስመር መዘርጋቱን ሽቦ ማባከን አድርገው ቆጠሩት። ሽማግሌው ግን አባቱ አሞሌ ጭኖ ወደ ሰቆጣ ገበያ ሲመላለስ ያየውን አነሳ፦ "ገደል አፋፍ ላይ ሁለት ጭነት ፊት ለፊት ከተገናኘ የመንገዱ ርዝመት ማንንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው አህያ ገለል የሚልባት ጥግ ናት።"

ማሳለፊያው ተሠራ፤ ግን አጠረ። ልጆቹ ከመለያያው ጫፍ እስከ ዳርቻው ለክተው "አራት ፉርጎ ይበቃዋል" ብለው ነበር። አራተኛው ፉርጎ ሲገባ ጅራቱ ሁለቱ መስመሮች ከሚቀራረቡበት ቦታ ላይ ቀረና የሚያልፈውን ባቡር ጎኑን መታው። የሚለካው ሁለት ባቡር ጎን ለጎን ሳይነካካ ከሚቆምበት ጀምሮ ነው። አፍርሰው ደግመው ዘረጉት።

ከዚያ መለያያው መጣ፤ ሽማግሌው ዕድሜውን የፈጀበት ነገር። ምላስ የሚመስሉ ሁለት ብረቶች ሞርዶ በሽቦ ዘንግ ከጣውላው ጠርዝ እንዲሳቡ አደረጋቸው። ምላሱ ወይ ወደዚህ ወይ ወደዚያ ሙሉ በሙሉ መጠጋት አለበት፤ መሐል ላይ ከቀረ አንዱ ጎማ በአንዱ መስመር፣ ሌላው በሌላው ይሄድና ፉርጎው ይገለበጣል። ስለዚህ ዘንጉን በመቀርቀሪያ አሰረው። መቀርቀሪያውን የሚከፍት ጫፉ የተቀረጸ አንድ የወይራ በትር ጠረበ። በትሩ ከባቡሩ ጋር ይሄዳል፤ ሲደርስ ለባለጣቢያው ይሰጣል። በትር ያልያዘ አይነሳም። እንግሊዞችም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በነጠላ መስመር ላይ ባቡር እንዳይጋጭ እንዲህ ያለ በትር ይዘው ነው የሠሩት።

ሥራው ለጥቂት ጊዜ ተቃና። ከዚያ ትልቁ ልጅ ጽጽቃ ደርሶ በትሩን ሳያስረክብ ይመለስ ጀመር። "አያ፣ ተራዬ ነው" ቢለው "ሰቆጣ ከተማ ነው፤ ጭነቱ ብዙ ነው" አለው። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተወራ። ሦስት ጊዜ ሆነ። ትንሹ አልጮኸም፤ ለአያቱም አልተናገረም። ማታ ወይራ ቆረጠና ጫፉን አስመስሎ ቀረጸ።

በማግስቱ በዓል ነበር፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጣውላውን ከቧል። ትልቁ በበትሩ ከፈተና ተነሳ። ትንሹም በበትሩ ከፈተና ተነሳ። ሁለቱም መብት አላቸው፤ ሁለቱም በትር ይዘዋል። ባቡሮቹ ጣውላው ወገብ ላይ ተላተሙ፤ የአንደኛው ሞተር ተቃጠለ።

ጎረቤት ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "ሕግ የሰበረው አስመስሎ የጠረበው ነው" አለ። ግማሹ ደግሞ በትሩን የከለከለው ላይ ፈረደ። ሽማግሌው ሁሉንም አስጨርሶ ሰማና ተናገረ፦

"በትሩን አንድ ያደረግኩት ወይራ ጠፍቶ አይደለም። ትንሹ ሁለተኛውን ጠርቧል፤ በትልቁ ሐዲድ ላይ ቢሆን ሰው ይሞት ነበር። በገዛ እጁ ይሰንጥቀው። ትልቁ ግን የሰው ተራ ነጥቆ ነው ያስጠረበው፤ ሞተሩን ከየትም ብሎ ይተካ። ከዛሬ ጀምሮ ሰቆጣን ትንሹ ይይዛል፤ ትልቁ ጽጽቃ ቆሞ ተራ ይጠብቃል።"

"እስከ መቼ ነው አባባ?" አለ ትልቁ።

"በትሩን ሳትጠየቅ እስክታቀብል።"