የአርባ ቀን ዕድልና በማኅፀን የሚጀምር ሕመም

በምዕራብ ጎጃም፣ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ገጠር ጨቅላ ሲሞት፣ እናቲቱን ሊያጽናና የመጣ ጎረቤት ከአፉ የሚቀድመው «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» የሚለው ነው። ብዙዎች እንደሚረዱት፣ ሰው በተፀነሰ በአርባ ቀኑ ዕጣው ተጽፎ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ኑሮ የተጻፈው መፈጸሚያ ብቻ ነው። ይህ እምነት ሐዘን ያቀልላልና አይናቅም። ከለቅሶ ቤት ወጥቶ ወደ ባል፣ ወደ ቀበሌና ወደ ጤና ባለሙያ ሲሻገር ግን ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ሊደረግ የሚገባውን ላለማድረግ ምክንያት ይሆናል። የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ የሰው ዕጣ በማኅፀን መጀመሩ እውነት ነው፣ እዚያው መታተሙ ግን እውነት አይደለም። ጉዳት ሽሉን የሚያገኘው በእናቱ ሰውነት በኩል ነው፤ ያንን ሰውነት የሚጠብቀው ወይም የሚያጎሳቁለው ደግሞ በዙሪያዋ ያለ ሰው ሁሉ ነው።

ማስረጃው ከራሱ ከማኅፀን ይነሣል። ተሕዋስያን ከብልት ወደ ላይ ወጥተው የሽርት ውኃውንና ከረጢቱን ሲበክሉ ሰውነት ይቆጣል፤ ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ይህንን ነው። ለረጅም ጊዜ ቁጣው የእናቲቱ ብቻ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሮቤርቶ ሮሜሮና ባልደረቦቹ ከእትብት የተወሰደ ደም መርምረው ሽሉ ራሱም እንደሚቆጣ አሳዩ። ያ ቁጣ ምጥን ያለጊዜው ከመቀስቀስ ጋር ይያያዛል፤ ሳንባን ያዳክማል፣ የአንጎልን ነጭ ክፍል ይጎዳል፣ ከተወለደ በኋላም ጨቅላውን ለከባድ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። ያለጊዜያቸው ከሚወለዱት ከ25 እስከ 40 በመቶ በሚሆኑት ላይ የማኅፀን ኢንፌክሽን እጅ እንዳለበት ይገመታል። በምዕራብ ጎጃም ቆላማ ቀበሌዎች ወባም አለ። ፋልሲፓረም የተባለው ዓይነት በእንግዴ ልጁ ውስጥ ይሸሸግና እዚያው ብግነት ያስነሣል፤ ወደ ሽሉ የሚያልፈው ምግብ ያንሳል፣ ሕፃኑም ከስቶ ይወለዳል።

የአገሪቱ አኃዝም ወደዚያው ይጠቁማል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ከመቶ 26 ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደረሱ። በአንጻሩ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት በ2016ቱ አገር አቀፍ ጥናት 29፣ በ2019ኙ ደግሞ 33 ነበሩ። የሕክምናው ጥራት አንድ ነገር ሆኖ፣ የመውለጃው ቦታ መቀየሩ ብቻውን እንደማይበቃ ይህ ያሳያል፤ ከምጡ በፊት የደረሰውን ጉዳት የወሊድ አልጋ አይሽረውም። በጎንደር፣ በጅማና በአዲስ አበባ ባሉ አምስት ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በተደረገ ጥናት፣ ያለጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱ 1,109 ጨቅላዎች 45 በመቶው በመተንፈስ ችግር፣ 30 በመቶው በኢንፌክሽን እንደሞቱ ተረጋግጧል። ሁሉም ከማኅፀን ብግነት የመጣ አይደለም፤ ሁሉንም በአንድ «ዕድል» መሸፈን ግን አይቻልም።

«ታዲያ የእግዚአብሔር ፈቃድ የት ገባ?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ቀላል አይደለም። መልሱ ግን ምክንያትን ማወቅ ፈጣሪን ከዙፋኑ ማውረድ አለመሆኑ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ዘጠነኛው ምዕራፍ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደ ሰው ጥፋቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ይጠይቃሉ። ክርስቶስ ሁለቱንም አይቀበልም፤ ጥፋተኛ ፍለጋውን ዘግቶ ወደ ፈውሱ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያንም በዘመናችን ይህንን መንገድ አሳይታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ኤችአይቪ ያለባቸው ምእመናን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ሌላም ምሳሌ አለ፤ ልጅ የማይበረክትላት ሴት «ሾተላይ አለባት» እየተባለች ስትሸሽ ኖራለች። ከነዚያ ሞቶች የተወሰኑት የእናትና የሽል ደም በአርኤች ዓይነቱ ካለመጣጣሙ የመጡ እንደሆኑ ዛሬ እናውቃለን፤ መከላከያ መርፌውም እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ አለ። መርፌው የማንንም እምነት አላጠፋም፤ ያጠፋው የሴትዮዋን ነውር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፦ ዕድልን ከካድን ወቀሳው ተመልሶ እናቲቱ ላይ አይወድቅም ወይ? አይወድቅም፤ ሳይንሱ ራሱ ይከለክላል። አብዛኛው የማኅፀን ውስጥ ኢንፌክሽን ትኩሳትም ሕመምም ሳያሳይ ያልፋል፤ ያልታያትን ነገር ለምን አልተጠነቀቅሽም ማለት ግፍ ነው። ሦስተኛውም አለ፦ ሐኪሙስ መቼ አውቆት? እውነት ነው። ኦራክል በተባለው ሙከራ፣ የሽርት ውኃቸው ሳይፈስ ያለጊዜው ምጥ ለጀመራቸው እናቶች ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ተሰጥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የሰባት ዓመት ክትትል በልጆቻቸው ላይ የአንጎል ጉዳት ያመጣው የአካል እክል መጨመሩን አሳየ። ይህ ግን በጭፍን መድኃኒት መስጠትን እንጂ መርምሮ ማከምን አይኮንንም። «እናት» የተሰኘው ጥናት በምዕራብ ጎጃምና በደቡብ ጎንደር ጤና ጣቢያዎች የያዘው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ነፍሰ ጡርን ለሽንት ቱቦና ለአባላዘር ኢንፌክሽን መርምሮ ማከም፣ የከሳችውንም መመገብ፣ የጨቅላውን ክብደት ያሻሽላል ወይ?

ከዚህ ሁሉ በኋላም የማይደረስበት ሞት ይኖራል። አጎበር ተዘርግቶ፣ ክትትሉ በጊዜው ተጀምሮ፣ ምግቡ ተሟልቶ ጨቅላ ሊሞት ይችላል፤ ያኔ «ዕድሉ ነው» የሚለው ቃል እውነተኛ መጽናኛ ይሆናል፣ ሊናገረው የሚገባውም የሚችለውን ያደረገ ሰው ነው። ሴቲቱ በወባ ወራት ያለ አጎበር ስታድር፣ ሽንቷ ሳይመረመር ወራቱ ሲያልፍ፣ በግጭት ምክንያት መንገድ ሲዘጋና አምቡላንስ ሲቀር ዝም ብሎ፣ በመጨረሻ ዕድልን የሚጠራ ግን የራሱን ስንፍና በእግዚአብሔር ስም እየጻፈ ነው። መልካሙን ማድረግ እንዲገባው እያወቀ የማያደርገው ሰው ኃጢአት እንደሚሆንበት የያዕቆብ መልእክት ያስተምራል። ያው ቃል ከቀብር በኋላ ምሕረት ነው፤ በእርግዝና ወራት የተነገረ እንደሆነ ግን ፍርዱ በተናጋሪው ላይ ነው።