ሠላሳው የማን ድርሻ ነው?

ሰው ባልንጀራውን የሚበድለው በክፉ ልብ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ብዙው በደል የሚሠራው በክፋት ሳይሆን፥ «እኔ ብቀር ምን ይጎድላል?» በሚል ትንሽ ሐሳብ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ሒሳብ ሳስተምር የኖርሁት እኔ ይህን እውነት የተማርሁት ከጡረታ በኋላ፥ እዚህ ቤቴል በቤቴ ደጃፍ፥ ከገዛ ውሻዬ ነው።

እንደ ሠፈራችን ልማድ እኔም ግቢ የሚጠብቅ ውሻ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን ማለዳ በሩ ሳይዘጋ ቀርቶ ኖሮ ውሻው ወጣና ወደ ትምህርት ቤት ይሄድ የነበረውን የጎረቤቴን የስምንት ዓመት ልጅ ባቱን ነከሰው። እናቱ ልጁን ታቅፋ መጣችና፥ «ጋሼ፥ ውሻዎ ተከትቧል?» ብላ ጠየቀችኝ። አልተከተበም ነበር። የክትባቱ ቀን በድምፅ ማጉያ ሲነገር ሰምቼአለሁ፤ ነገር ግን «የሌላው ሰው ውሻ ከተከተበ ይበቃል፤ የእኔ እንደ ሆነ ከግቢ አይወጣም» ብዬ ቀረሁ።

ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጠብንለት፤ ከዚያም ሐኪም ዘንድ ወስደነው መርፌውን ጀመረ። ውሻው ደግሞ ታስሮ አሥር ቀን ተጠበቀ፤ ሲነክስ በሽታው በምራቁ የነበረ ውሻ በእነዚህ ቀኖች ውስጥ ታሞ ይሞታልና። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ በሰው ላይ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ተገምቷል፤ ከሟቾቹም የሚበዙት የአፍሪካና የእስያ ድኾች ሲሆኑ፥ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው።

በእነዚያ አሥር ቀኖች እንቅልፍ ስላጣሁ፥ ሊቃውንት ስለዚህ በሽታ የሠሩትን ሒሳብ አነበብሁ። በታንዛንያ በሴሬንጌቲ አካባቢ ንክሻውን እየተከታተሉ ያጠኑ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳስረዱት፥ አንድ ያበደ ውሻ ከመሞቱ በፊት በሽታውን የሚያስተላልፈው በአማካይ ከአንድ ለሚበልጡ፥ ከሁለት ግን ለሚያንሱ ውሾች ነው። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ክፍልፋይን የተማርሁት በባቄላ ፍሬ ስለ ነበር፥ ባቄላ በጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬ ነገሩን ሞከርሁት። አንዱ ለአንድ ተኩል ያስተላልፋል እንበል። አሥር ያበዱ ውሾች ለ15 ያስተላልፋሉ፤ 15ቱ ደግሞ ከ22 ለሚበልጡ፤ እንዲህ እያለ ይበዛል። ከውሾቹ ሲሶው ቢከተቡ ግን፥ ከ15ቱ ንክሻ አምስቱ በተከተቡት ላይ ያርፍና ከንቱ ይሆናል፤ አሥሩ በአሥር ብቻ ይተካሉ። ከሲሶው የሚበልጡ ቢከተቡ በሽታው እየመነመነ ሄዶ ይጠፋል።

«እንግዲያስ የዓለም ጤና ድርጅት ከመቶው 70ው ይከተቡ የሚለው ስለ ምን ነው?» የሚል ተማሪ ቢነሣ፥ ጥሩ ጠየቅህ እለው ነበር። የውሻ ዕድሜ አጭር ነው። ከ70ዎቹ ሲሶው በዓመት ውስጥ ቢሞቱና ባልተከተቡ ቡችሎች ቢተኩ፥ የሚቀሩት የተከተቡ 47 ያህል ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሰባው የዓመት ስንቅ ነው።

ይኸው ሒሳብ በመርዝ ላይም ይፈርዳል። በከተማችን በስትሪክኒን የተመረዘ ሥጋ እየተጣለ ብዙ ውሾች ተገድለዋል። ነገር ግን የሚበላ ቆሻሻ በየመንገዱ እስካለ ድረስ በሞተው ፈንታ ሌላ ይመጣል፤ የሚመጣውም ያልተከተበ ነው። መርዙም የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። እንግዲህ ጭካኔው ጥቅም እንኳ አላስገኘም።

ቁጥር ልብን ያደነድናል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ምሕረት ከየት መጀመር እንዳለበት ቁጥር ሲያሳይ አይቻለሁ። በባሌ ተራሮች፥ በዌብ ሸለቆ፥ እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሾች የተሻገረው ይህ በሽታ ከቀይ ቀበሮዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። በዓለም ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች በጠቅላላው 500 ያህል ብቻ ናቸው። ሁሉን ይዞ መከተብ አይቻልም። ሊቃውንቱ ግን አስልተው፥ ከመቶው ከ20 እስከ 40 የሚሆኑት ብቻ ቢከተቡ ዘራቸው ከመጥፋት እንደሚድን በ2006 አስታወቁ። ሁሉን ማዳን አይቻልም ተብሎ እጅ እንዳይታጠፍ ያደረገው ይህ ቁጥር ነው።

ነገር ግን በዚሁ ሒሳብ ውስጥ የተደበቀ ወጥመድ አለ፤ እኔንም የያዘኝ እርሱ ነው። ሰባው ከበቃ ሠላሳው ነፃ ነው ማለት ነው። እያንዳንዱ ባለ ውሻ «የእኔ ከሠላሳው ይሁን» ቢል ግን ሠላሳው መቶ ይሆናል። ታዲያ ሠላሳው የማን ድርሻ ነው? ክትባቱ ካለፈ በኋላ የሚወለደው ቡችላ ድርሻ ነው፤ ጌታ የሌለው፥ ሰው ሲቀርበው የሚሸሸው የመንገድ ውሻ ድርሻ ነው፤ ውሻዋን እስከ ክትባቱ ቦታ መጎተት የማትችለው የአሮጊቷ ድርሻ ነው። የሚሰማ ጆሮ፥ የሚሄድ እግርና አንድ ክንድ ገመድ ያለኝ እኔ ከዚያ ስወስድ፥ የምወስደው ከደካማ ነው።

«አንድ ውሻ ከመቶው ውስጥ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል ይኖራል። በመቶው ሒሳብ እውነትም ትንሽ ነው። በልጁ ባት ላይ ያረፈው ግን የመቶው ሳይሆን የአንዱ ውሻ ጥርስ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ውሻው የሰጠሁትን እንጀራ በደኅና በላ። ወደ ልጁ እናት ሄጄ ብነግራት፥ «ተመስገን! ጋሼ፥ ለእርስዎም ሳስብ ነበር» አለችኝ። ወቀሳ ጠብቄ ሳለሁ ይህን ስሰማ አፈርሁ፤ ውሻው ጤነኛ ሆኖ መገኘቱ የእኔ ሥራ አልነበረምና።

በሚቀጥለው ዓመት ክትባቱ ሲመጣ ከፊተኞቹ ጋር ተሰለፍሁ፤ በአንድ እጄ የራሴን፥ በሌላው የጎረቤታችንን የአሮጊቷን ውሻ ይዤ። አንባቢ ሆይ፥ አንተም ለብዙዎች ደኅንነት የተሠራ ሒሳብ ባየህ ጊዜ፥ አስቀድመህ ራስህን ከቀሪዎቹ መካከል አትቍጠር።