ዳቦው የታለ?

ልጄ ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆናት ነው ይህ የሆነው። ሥራዬ ወደ መስክ ያስወጣኛል፤ በወር አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ ወደ ደቡብ እወርዳለሁ። በዚያን ሰሞን ለአምስት ቀን ወደ ወላይታ ሶዶ ልሄድ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በራችን ላይ ቆመ። እናቴ «ሳትነቃ ቶሎ ውጪ» ስላለችኝ ጫማዬን በእጄ ይዤ በቀስታ ወደ በሩ ሳመራ፣ ከኋላዬ «ማሚ፣ የት ልትሄጂ ነው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዓይኗን እያሻሸች ከአልጋ ወርዳለች።

«ዳቦ ገዝቼ መጣሁ፤ አንቺ ተኚ» አልኳት።

አምናኝ ተኛች። እኔም ሄድኩ።

በአምስተኛው ቀን ማታ አሻንጉሊት ገዝቼላት ተመለስኩ። ሮጣ የምትጠመጠምብኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን በሩ ላይ ቆማ እጆቼን አየች። አንደኛው እጄ አሻንጉሊቱን ይዟል፤ ሌላኛው ባዶ ነው። ባዶውን እጄን ትክ ብላ አየችና «ዳቦው የታለ?» አለችኝ።

እናቴ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ባለቤቴም ለብዙ ቀን ለጓደኞቹ እንደ ቀልድ ያወራው ነበር። ሌሊቱን ግን ልጄ የቀሚሴን ጫፍ በጡጫዋ ጨብጣ ነው ያደረችው። ከዚያ በኋላ ጫማዬን ባሰርኩ ቁጥር፣ ለጓሮ ልብስ ላሰጣ ብወጣ እንኳ፣ «ዳቦ ልትገዢ ነው?» ትለኝ ጀመር። በእሷ ቋንቋ «ዳቦ መግዛት» ማለት ጥሎ መሄድ ሆኗል።

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ አብዛኞቻችን በዚህ መንገድ ነው ያደግነው። «ዝም በይ ጅቡ መጣ»፣ «ካልበላህ ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል»፣ «ከረሜላ ይዤልሽ እመጣለሁ» ያላለን ወላጅ ማን ነው? ያሉን ሰዎች ይወዱናል፤ ብዙዎቹም ጌታን የሚፈሩ ሰዎች ናቸው። ሰው ፊት ሐሰት የማይናገር አባት ለሕፃን ልጁ ሲናገር ግን አይቆጥረውም። እኔም አልቆጠርኩትም ነበር። ጥያቄው የመጣብኝ ከዚያ ምሽት በኋላ ነው፤ ለሕፃን የሚነገር ውሸት ውሸት ነው ወይስ አይደለም?

ለእናቴ ይህን ሳነሳባት «እና ልጅ ማስለቀስ ነው እውነት? ስትነሣ እኮ ትረሳዋለች» አለችኝ። ንግግሯን በቀላሉ ልጥለው አልቻልኩም። ፍቅር የሌለበት እውነት ሰውን ሊሰብር እንደሚችል አውቃለሁ። ለሕፃን ሁሉ ነገር እንደማይነገርም አውቃለሁ። የቤት ኪራይ የጎደለ ዕለት፣ ወይም የታመመ ዘመድ ያለን ጊዜ፣ ጭንቀታችንን በልጅ ትከሻ ላይ አንጭንም። ጌታችን ራሱ ለደቀ መዛሙርቱ ገና ሊሸከሙት የማይችሉትን ነገር እንዳቆየላቸው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 16 እናነባለን። ነገር ግን ማቆየት ሌላ፣ ማታለል ሌላ ነው። ሁሉን አለመናገር ልጅን በአቅሟ ማክበር ነው። ዳቦ ልገዛ ነው ብሎ ሶዶ መሄድ ግን ያመነችኝን መጠቀሚያ ማድረግ ነው።

«ረዓብስ? የግብፅ አዋላጆችስ?» የሚል ይኖራል። በወጣት ጥናት ላይ ይህ ጥያቄ ሳይነሣ እንደማይቀር አውቃለሁ። አዋላጆቹ ለፈርዖን እውነቱን አልነገሩትም፤ እግዚአብሔርም መልካም አደረገላቸው። ረዓብም ሰላዮቹን ሸሽጋ ሌላ መንገድ ጠቆመች። በዚህ ላይ የእግዚአብሔር ሰዎች ለዘመናት ተከራክረዋል፤ እኔ እዚህ አልጨርሰውም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እነዚያ ሴቶች የዋሹት ለገዳይ ነው፤ የሰው ነፍስ ለማትረፍ፣ በራሳቸው ነፍስ ላይ አደጋ ወስደው። እኔስ የዋሸሁት ለማን ነው? ምንስ አተረፍኩ?

መልሱ ሲገባኝ አፈርኩ። እሷ እንዳታለቅስ ነው ብዬ ነበር። ነገር ግን አልቅሳለች። ጠዋት ተነሥታ በየክፍሉ ፈልጋኛለች፣ በር ላይ ቆማ ጠብቃኛለች፤ እናቴ ናት ኋላ የነገረችኝ። ውሸቴ እንባዋን አላስቀረውም፤ ከእኔ ጆሮ ብቻ አራቀው። የተረፍኩት እኔ ነኝ። በፍቅር ስም የምንዋሻቸውን ውሸቶች ብንመረምር ብዙዎቹ እንዲህ ሆነው የሚገኙ ይመስለኛል። የምንጠብቀው የሌላውን ልብ ሳይሆን የራሳችንን ምቾት ነው።

በእነዚያ ቀናት በግል ጥናቴ የዮሐንስን ወንጌል ከምዕራፍ 13 ጀምሮ አነብ ነበር። ብዙ ጊዜ ያነበብኩት ክፍል ነው። ያን ጊዜ ግን እንደ እናት አነበብኩት። ጌታ ሊሄድ ነው። ደቀ መዛሙርቱ አልገባቸውም፤ ቢነግራቸው ያዝናሉ። ሳይነግራቸው ሊሄድ ይችል ነበር። እሱ ግን በማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው ሳሉ እንደሚሄድ ነገራቸው፣ ልባቸው በኀዘን ሲሞላ አየ፣ ኀዘናቸውን ታግሦ አብሯቸው ቆየ። እንደ ወላጅ አልባ ልጆች እንደማይተዋቸውና እንደሚመጣ ነገራቸው። ጌታችን ተደብቆ አልወጣም።

ይህ ሐሳብ አላስተኛኝም። የእኛ እምነት የቆመው «እመጣለሁ» ብሎ በሄደ ጌታ ላይ ነው። ልጄ ነገ ይህን የምትሰማው ከማን ነው? ከእኔ ነው። ስለማታየው አምላክ፣ ስላልሰማችው ድምፅ፣ ገና ስላልመጣው መንግሥት የምነግራት «ዳቦ ገዝቼ መጣሁ» ባልኩበት በዚሁ አፌ ነው። በቤታችን ውስጥ «እመጣለሁ» ማለት «አልመጣም» ከሆነ፣ ጌታ ይመጣል ስላት ምን ልትሰማ ነው?

የሚቀጥለው ጉዞዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። በዋዜማው አጠገቤ አስቀምጫት «ነገ ለሥራ ሩቅ እሄዳለሁ፤ አራት ሌሊት አድሬ እመጣለሁ» አልኳት። አራት ባቄላ በሲኒ ውስጥ አስቀመጥን። በየማታው ከአያቷ ጋር ጸልያ አንዱን ታወጣለች፤ ባቄላው ሲያልቅ እኔ እመጣለሁ። የገባት መስሎኝ ነበር። ጠዋት ግን እግሬን ይዛ እስከ ውጪው በር ድረስ ጮኸች። ጎረቤት ወጣ። እናቴ «ይኸው፣ ነግሬሽ አልነበር?» በሚል ዓይን አየችኝ። እኔም እስከ ቡታጅራ ድረስ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። እውነት ሁልጊዜ ወዲያው አያሳርፍም፤ ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ እኔም መልሼ ዋሸኋችሁ ማለት ነው።

በሁለተኛው ጉዞ ለቅሶው አጠረ። በሦስተኛው ባቄላውን ራሷ ለቀመች። አንድ ጊዜ መኪናችን ተበላሽቶ ሆሳዕና አደርን። ስደውል ስልኩን ከአያቷ ነጥቃ «ባቄላው አለቀ፤ አንቺ ግን የለሽም» አለችኝ። ይቅርታ ጠይቄ ምክንያቱን ነገርኳትና አንድ እንድትጨምር አደረግኩ። በማግስቱ ስገባ ሲኒውን ይዛ በሩ ላይ ነበረች። ቀሚሴን ጨብጣ ማደርም ቀስ በቀስ ቀረ።

እስካሁን ስለ እናቶች ብቻ የማወራ ከመሰላችሁ፣ አሁን ነገሩ ወደ እናንተ ይመጣል። ተደብቆ መውጣት የወላጅ ብቻ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን አባት የሆነው አውግስጢኖስ ወጣት ሳለ እናቱን ሞኒካን እንዴት እንደተለያት በኑዛዜው መጽሐፍ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ383 ነው። ከካርቴጅ ወደ ሮም በመርከብ ሊሄድ ሲነሣ፣ እናቱ ወይ እንዲቀር ወይ ይዟት እንዲሄድ ተማፀነችው። እሱም የሚሸኘው ጓደኛ እንዳለውና ነፋሱ እስኪመችለት አብሮት እንደሚቆይ ዋሻት፤ በወደቡ አቅራቢያ ባለ የቆጵርያኖስ መታሰቢያ ቦታ እንድታድር አግባባት። እሷ እዚያ ስትጸልይና ስታለቅስ እሱ በሌሊት ሄደ። ጠዋት ሞኒካ ባሕሩ ዳር ቆማ መርከቡ የለም።

እግዚአብሔር ይህንን ጉዞ ለበጎ ተጠቅሞበታል። አውግስጢኖስ ሚላን ደርሶ ጌታን አገኘ፤ ሞኒካም ባሕር ተሻግራ ተከተለችው፤ እ.ኤ.አ. በ387 ሲጠመቅ በሕይወት ነበረች። ሆኖም አውግስጢኖስ «መጨረሻው አማረ» ብሎ ውሸቱን አላሞገሰውም። እንደ በደል በእግዚአብሔር ፊት ተናዘዘው። በኋላም ስለ ውሸት በጻፈው መጽሐፍ ለመልካም ዓላማ እንኳ መዋሸት እንደማይገባ ተከራከረ። ይህን የጻፈው ሰው እናቱን በወደብ ላይ ያስቀረ ልጅ መሆኑን ሳስብ ቃሉ ይከብድብኛል።

ዛሬም ለእናቱ «ክፍለ ሀገር ጓደኛዬን ጠይቄ ልምጣ» ብሎ ወጥቶ ከጅቡቲ ወይም ከመተማ ማዶ የደወለ ወጣት በየሰፈሩ አለ። ስደቱ ላይ ልፈርድ አይደለም፤ የሚያስወጣውን ችግር አውቀዋለሁ። የእናትየው ሌሊት ግን አለ። ከዚህ ያነሱትንም እናውቃቸዋለን። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደርሻለሁ» እንላለን። ከመዘምራን ልምምድ ለመቅረት «አሞኝ ነው» እንላለን። በትዳር ሐሳብ የምትጠብቅን እኅት «አይሆንም» ማለት ከብዶን ስልክ ባለማንሣት እንሰወራለን። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ደግሞ የእኛው የቤተ ክርስቲያን ዳቦ ነው፤ «በጸሎት አስብሃለሁ» ብለን እጅ ጨብጠን እንለያያለን። ያ ወንድም ግን በዚያ ቃል ላይ ተደግፎ ወደ ሆስፒታል ገብቶ ይሆናል።

ጌታ በተራራው ስብከት አዎናችን አዎን፣ አይደለምም አይደለም እንዲሆን ሲያስተምር ስለ ትልልቅ መሐላ ብቻ የተናገረ አይመስለኝም። ሰው የሚታመነው በትንሹ ቃል ነው። የማትችሉትን አትቸሩ። ከቸራችሁ አድርጉት። ካቃታችሁ ፊት ለፊት ቀርባችሁ «አልቻልኩም፣ ይቅር በሉኝ» በሉ። የሌላው ማዘን ይከብዳል፤ ነገር ግን ከኀዘኑ ጋር አብሮ መቆም ፍቅር ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ልጄ አምስት ዓመት ሲሞላት እኔና አባቷ ዕረፍት ወስደን አርባ ምንጭ ይዘናት ሄድን። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጉዘን ነው የደረስነው። ከሼቻ ላይ ሆና ሁለቱን ሐይቆች አየች፤ አባያ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚሉት ጋራ። ለእሷ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነበር። ከአዲስ አበባ ስንነሣ «አዞ አሳይሻለሁ» ብያታለሁ። በመንገድ ሁሉ የምታወራው ስለ አዞ ጥርስ ነው።

ጫሞ ዳር ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ነፋስ ተነሥቶ ውኃው ይናወጣል፤ ጀልባ የለም። በማግስቱ ንጋት ላይ አውቶቡስ እንይዛለን። ልጄ ከንፈሯ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይህን ያየ አንድ ባለ ጀልባ ጠጋ ብሎ፣ ከዳርቻው ራቅ ብሎ የሚንሳፈፍ ግንድ በአገጩ እያሳየኝ፣ «እኅቴ፣ ያ አዞ ነው በያት። ሕፃን ምን ታውቃለች?» አለኝ።

ደግ ሰው ነው፤ ሊረዳኝ ነው። ባለቤቴ ምን እንደምል ዓይኔን ዓይኔን ያየኛል። እውነቱን ልናገር፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ማንም አይጎዳም፤ እሷም በደስታ ትዘላለች። ነገር ግን ባዶ እጄን ያየችበት ዓይን ትዝ አለኝ። ተንበርክኬ «ሚጡዬ፣ አዞ አሳይሻለሁ ብዬሽ ነበር። ነፋስ ስለሆነ ጀልባው መሄድ አይችልም። ልጠብቀው የማልችለውን ቃል ነው የሰጠሁሽ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። «ያስ ምንድን ነው?» አለችኝ ወደ ውኃው እያመለከተች። «ግንድ ነው» አልኳት። አኮረፈች። እራቷንም በቅጡ ሳትበላ ተኛች። በጉዞ መልስም አዞ አላየንም።

ቤት ስንገባ አያቷ በሩ ላይ ተቀብላ «እሺ ሚጡ፣ አዞ አየሽ ወይ?» አለቻት።

ልጄ ጫማዋን እያወለቀች «አላየንም፤ ነፋስ ነበር። ግንድ ነው ያየነው» አለች። ከዚያም ሮጣ ባቄላ የሚቀመጥበትን ሲኒ አምጥታ፣ «ማሚ፣ የሚቀጥለው ስንት ሌሊት ነው?» አለችኝ።