ጎረቤት ለጎረቤቱ ቢናገርስ?

ድሮ ሙግት የአንደበት ሙያ ነበር። «በላ ልበልሃ» እየተባለ ይካሄድ የነበረውን ክርክር አያቶቻችን ሲያወሩልን ሰምተናል። አንደበቱ የማይፈታለት ሰው ነገር አዋቂ ጎረቤቱን ለምኖ ያቆማል፤ ጎረቤቱም በምሳሌ እያዋዛ ይሞግትለታል። «ፈቃድህን አሳይ» የሚል አልነበረም። ዛሬ አለ።

እስቲ አጅባር ላይ አንዲት እናት እንዳሉ እናስብ። ባላቸው ሞተዋል። የባላቸው ወንድም ድንበር እየገፋ እርሻቸውን ይዞባቸዋል። የይዞታ ደብተሩ ሣጥናቸው ውስጥ አለ፤ ማንበብ ግን አይችሉም። ባላጋራቸው ከብት ሸጦ ከደሴ ጠበቃ አምጥቷል። እሳቸውም በሬያቸውን ይሽጡ እንዳንል፣ መሬቱን ቢያስመልሱ በምን ሊያርሱት ነው? ጎረቤታቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አቤቱታውን ጻፉላቸው፤ በቀጠሮው ቀንም አብረው ሄዱና ሊናገሩላቸው ብድግ አሉ።

«እርስዎ ምናቸው ነዎት?» አሉ ዳኛው።

«ጎረቤታቸው ነኝ።»

«የጥብቅና ፈቃድ አለዎት?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ይቀመጡ።»

ዳኛው አጠፉ? አላጠፉም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች አዋጅም ሆነ እሱን የተካው የ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1249 ጥብቅናን የባለፈቃድ ሥራ አድርገውታል፤ ክልሎችም ለየራሳቸው ፍርድ ቤቶች ፈቃድ ይሰጣሉ። ባል ለሚስቱ፣ ወንድም ለወንድሙ ያለ ክፍያ በውክልና ሊቆም ይችላል። ሕጉ ዝምድናን ያውቃል፤ ጉርብትናን አያውቅም። የኛ እናት ዘመድ ደግሞ ያው ከሳሽ ያደረጋቸው ሰው ነው!

አጥሩ ያለ ምክንያት አልታጠረም። ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ የሚያንዣብበውን ጉዳይ ገዳይ የማያውቅ አለ? «ዳኛው ወዳጄ ነው» ብሎ የድሃ ብር ተቀብሎ ይሰወራል። ባለፈቃዱ ጠበቃ ግን የደንበኛውን ምስጢር ይጠብቃል፣ ለሁለት ባላጋራ አይቆምም፣ ካጠፋ በዲሲፕሊን ይጠየቃል። ደጉ መምህራችንስ ነገሩን አሳስተው መሬቱ ቢሄድ ማን ይጠየቃል? ደግነት መሬት አያስመልስም። ይህን ክርክር በቀላሉ የሚያልፍ ሰው፣ ለኔ፣ ድሃውን በቅጡ አላሰበለትም።

ግን አጥር የሚታጠረው ውስጡ ያለውን ለመጠበቅ ነው። ውስጡ ጠበቃ ከሌለስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20፣ ተከሳሹ አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። ይህ ግን በወንጀል ለተከሰሰ ነው። ነገሩ ይገርማል፤ እኚህ እናት ሰው ደብድበው ቢሆን ጠበቃ ሊቆምላቸው ይችል ነበር፣ መሬታቸውን ሲቀሙ ግን ብቻቸውን ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዟል። ጥሩ ነው። 50ው ሰዓት ግን ጠበቃው ካለበት ከተማ ተነስቶ አጅባር ድረስ አውቶቡስ አይሳፈርም።

እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1970 ማኬንዚ የሚባሉ ባልና ሚስት የፍቺ ክርክር ይግባኝ ደርሶ ነበር። ባልየው ጠበቃ የለውም። አጠገቡ ተቀምጦ ሊያግዘው የመጣውን አውስትራሊያዊ የሕግ ባለሙያ የሥር ዳኛው ከልክለውታል። ይግባኝ ሰሚው ግን፣ ተከራካሪ አጠገቡ ሰው አስቀምጦ ማስታወሻ ማስያዝና በሹክሹክታ መመከር ይችላል አለ። እንዲህ ያለው ረዳት እዚያ አገር እስካሁን «የማኬንዚ ወዳጅ» ይባላል። እኔም ከዚህ የበለጠ አልጠይቅም። ፈቃድ የሚሸጠውን ሙያ ይጠብቅ፤ ጎረቤት በነፃ የሚሰጠውን ሹክሹክታ ግን ለምን ይከለክላል? ጠበቆችም ብቻቸውን የመናገር መብት ከተሰጣቸው፣ እነሱ ባልደረሱበት ሥፍራ በዚህ ሊቀየሙ አይገባም።

መምህሩ ተቀመጡ። የከሳሽ... ይቅርታ፣ የተከሳሹ ጠበቃ ተነሳና የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አለኝ፣ ክሱ በይርጋ ይታገዳል አለ። ዳኛው ወደ እናቲቱ ዞረው «ምን ይላሉ?» ሲሏቸው፣ እሳቸው ወደ ኋላ መምህሩን አዩ። መምህሩ አንገታቸውን ደፉ።

«ጌታዬ፣» አሉ እናቲቱ፣ «ይርጋ የሚባል ሰው እኔ አላውቅም።»