ጊታር ገጣጥሞ መሥራት ዋጋ አለው?

በየአጥቢያው መዘምራን መካከል ጊታር መጫወት ብቻ ሳይበቃው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የሚፈልግ ወጣት አይጠፋም። እንዲህ ላለው ሰው በውጭ አገር የሚሸጥ «ኪት» የሚባል ነገር አለ። በአንድ ካርቶን ውስጥ የተቆረጠ ገላ፣ የተጠረበ አንገት፣ መቃኛ ቁልፎች፣ ብሪጅና ክሮች ተሰናድተው ይመጣሉ፤ ኤሌክትሪክ ጊታር ከሆነም ሽቦዎቹ አብረው አሉ። ቀሪው የገዢው ሥራ ነው። ታዲያ ይህን ገዝቶ ወራት ማሳለፍ ዋጋ አለው ወይ?

በገንዘብ ከሆነ መልሱ አጭር ነው፤ የለውም። ኪቱ ብቻውን ርካሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሞርሳው፣ ሞረዱ፣ የብርጭቆ ወረቀቱ፣ ኮላውና ቫርኒሹ ሲጨመር፣ ማጓጓዣና ቀረጥ ሲታሰብ፣ በዚያው ገንዘብ ፋብሪካ የሠራው ደህና ጊታር ይገኛል። በኋላ ልሽጠው ቢባልም ስም የሌለው ጊታር ገዢው ጥቂት ነው። ለፊታችን እሑድ ዝማሬ ማጀብ የሚፈልግ ሰው ያገለገለም ቢሆን ገዝቶ ልምምዱን ይጀምር። ግንብ ሊሠራ ስላሰበው ሰው የተነገረውን ምሳሌ ያነበበ ወጣት፣ ወጪ መቁጠር የእምነት ማነስ እንዳልሆነ ያውቃል።

ይሁን እንጂ በቋንቋችን «ዋጋ» የገበያ ቃል ብቻ አይደለም። ስለ ሌላው የተሠቃየውን «ዋጋ ከፈለ» እንላለን። ፍሬ የሌለውን ንግግር ደግሞ ማንም ሳይሸጠው «ዋጋ የለውም» እንለዋለን። ስለዚህ ሒሳቡ ካለቀ በኋላም ጥያቄው ይቀራል።

የብራያን ሜይን ታሪክ እንመልከት። ኩዊን የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ጊታር ተጫዋች ነው፤ የምጠቅሰው ሙዚቃውን ለማስተዋወቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለ የሚመኘውን ጊታር መግዣ አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ከአባቱ ከሃሮልድ ጋር ሊሠሩት ተነሡ፤ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀባቸው። አንገቱን የጠረቡት ከአሮጌ የእሳት ማንደጃ ዙሪያ ከተነቀለ የማሆጋኒ እንጨት ነው። ክሮቹን ለሚያወዛውዘው ክፍል ከአሮጌ ሞተር ሳይክል የተፈታ ስፕሪንግ አዋሉ፤ በእጀታው ጫፍ ላይ የእናቱን የሹራብ መርፌ ቁራጭ ገጠሙ። በባንዱ ቅጂዎች ላይ የሚሰማው በአብዛኛው ይኸው ጊታር ነው።

ኪት የዚህ ታሪክ ታናሽ ወንድም ነው፤ እጅግ ታናሽ። ከባዱን ውሳኔ ማሽን አስቀድሞ ወስኖታል። የክሩ ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር በሆነ ጊታር ላይ የመጀመሪያው ፍሬት ከራስጌው 36.4 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከዚያ በኋላ ርቀቱ በአንድ ዓይነት ምጣኔ እየጠበበ ሄዶ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ልክ መካከሉ ላይ፣ 324 ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል። ይህ ልኬት በኪቱ አንገት ላይ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። ለገዢው የሚተርፈው እንጨቱን ማለስለስ፣ አንገቱን ማጣበቅ፣ ፍሬቶቹን በአንድ ከፍታ ማስተካከል፣ ብሪጁን በቦታው ማኖርና ቀለም መቀባት ነው። ያም ሆኖ የተረፈው ሥራ ትንሽ ቢሆንም ምሕረት የለውም። በአኮስቲክ ጊታር ላይ ብሪጁ ከሚገባው ቦታ ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ቢጣበቅ፣ ባዶው ክር በትክክል ተቃኝቶ እያለ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ድምፁ ይወርዳል። ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል።

ይህ ምሕረት የለሽነት ነው ለእኔ የነገሩ ዋና ቁም ነገር። ሰው የእጁን ሥራ ሲወድ ዓይኑ ይታወራል። አርስቶትል ሠራተኛ የገዛ ሥራውን፣ ባለ ቅኔም ግጥሙን እንደ ወላጅ እንደሚወድ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2012 ማይክል ኖርተንና ሁለት ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ ወረቀት አጥፈው ቅርጽ የሠሩ ጀማሪዎች የራሳቸውን ሥራ ከባለሙያዎቹ ሥራ ጋር የሚቀራረብ ዋጋ ሰጡት፤ ሌላው ሰውም እንደ እነርሱ እንደሚያየው ገምተው ነበር። ኢሳይያስ ምዕራፍ 44 ላይ በግማሹ እንጨት እንጀራውን ጋግሮ በግማሹ አምላክ ስላበጀው ጠራቢ ይነግረናል። ያ ሰው እጁ የሠራው ነገር ምንም እርማት አልመለሰለትም፤ ዝም ስላለው ሰገደለት። ጊታር ግን ዝም አይልም። ምንም ያህል ብትደክሙለት፣ ቫርኒሹ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ ካልተስተካከለው ፍሬት ላይ ጣታችሁን ስታሳርፉ ይንጫጫል። ጓደኛ ለይሉኝታ «ግሩም ነው» ይላል፤ ክር ይሉኝታ አያውቅም። በየመድረኩ ጭብጨባ በማይጠፋበት በእኛ ዘመን፣ እንዲህ ያለ አራሚ ጓዳ ውስጥ ማኖር ቀላል ነገር አይመስለኝም።

ሌላም አለ። ሥራው ሲያልቅ «እኔ ሠራሁት» ማለት ይቻላል? እንጨቱን ሌላ ሰው ተከለ፣ ሌላው አደረቀ፣ ፋብሪካ ቆረጠ። «ገጣጠምኩት» ማለት እውነት ነው፤ «ሠራሁት» ግን ማብራሪያ ይሻል። ይህ ቃል መሰንጠቅ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም በምስክርነታችን «እኔ» የምትለው ቃል ሳናውቀው ሰፊ ቦታ እንደምትይዝ ታውቃላችሁ። ባስልኤልም ቢሆን ወርቁ ሕዝቡ ያመጣው፣ ንድፉ ከተራራ የወረደ፣ ጥበቡ የተሰጠው ነበር። ይህ ሁሉ ስሙ በክብር ከመጠራት አላገደውም።

ባስልኤልን ካነሣሁ አይቀር፣ አገራችን ለባለ እጅ ያላትን ፊት እናስታውስ። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን እየሰደብን በሠሩልን ዕቃ ስንጠቀም ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ስድቡ ዛሬ ቢቀንስም፣ ዲግሪ የያዘ ወጣት መላጊያ ሲይዝ «ሥራ ፈታ እንዴ?» የሚለው ጎረቤት አልጠፋም። ኪት የሚገጣጥም ተማሪ ይህን ንቀት አያፈርሰውም፤ እርሱ ሲሰለቸው ይተወዋል፣ አናጺው ግን ልጆቹን የሚያበላው በዚያው እጁ ነው። ሆኖም አንድ ፍሬት ሞርዶ ያስተካከለ ሰው አናጺ ቤት ሄዶ ሒሳብ ሲከራከር አንደበቱ ትንሽ ይገራል ብዬ አምናለሁ።

የገንዘቡ ነገር ግን በሌላ በር ተመልሶ ይገባል፤ የማን ገንዘብ ነው? ከድካሙ ያጠራቀመ ሰው ቢገዛበት አልፈርድበትም። ሽቱው ተሽጦ ለድሆች ቢሰጥ ይሻል ነበር የሚለው ክርክር ሁልጊዜ ከንጹሕ ልብ እንደማይወጣ ከወንጌል እናውቃለን። ነገር ግን ከእኛ ወጣቶች ብዙዎቹ ኪት የሚያገኙት ውጭ ካለ ዘመድ ነው። ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እኅት የምትልከው ገንዘብ የቤት ኪራይና የእናት መድኃኒት መሆኑን እያወቁ ለእንዲህ ያለ ደስታ መጠየቅ፣ እንጨቱን ምንም ያህል ብናለሰልሰው አይለሰልስም። እዚህ ላይ «መንፈሳዊ አገልግሎት ነው» የሚል ሽፋን ባይጨመርበት እመርጣለሁ።

ሥራውን ለሥራው ሲል ለሚሻው ወጣት ደግሞ ከኪት በፊት የሚሞከር ነገር አለ። በብዙ አጥቢያዎች የዕቃ ክፍል ውስጥ ከአሮጌ ወንበሮች ጀርባ ቁልፉ የተሰበረ፣ ብሪጁ የተነሣ ጊታር አይጠፋም። ሽማግሌዎቹን አስፈቅዶ አንዱን ማውጣት፣ ክሮቹን መፍታት፣ ብሪጁን አሙቆ አላቅቆ እንደገና ማጣበቅና ኮላው እስኪደርቅ አንድ ቀን ሙሉ ሳይነኩ መጠበቅ ይቻላል። ያንን ጨርሶ አሁንም እጁን የሚበላው ከሆነ፣ ኪቱን ይዘዝ።