የሐን ሶሎ ጥይትና የደራሲው ሥልጣን

እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ በታየው የጆርጅ ሉካስ «ስታር ዋርስ» ፊልም ሐን ሶሎ የተባለው ኮንትሮባንዲስት ሽጉጥ የደገነበትን ግሪዶን ቀድሞ ተኩሶ ይገድለዋል። በ1997 ግን ሉካስ ትዕይንቱን ለውጦ ግሪዶን ቀዳሚ ተኳሽ አደረገው፤ ተመልካቹም ተቆጣ።

ደራሲ በድርሰቱ ላይ ሥልጣን የለውምን? አለው። ሆኖም የሰውየውን እጅ ከደም አነጻለሁ ሲል የነፍሱን ጉዞ አሳጠረበት። ከገንዘብ በቀር ደንታ ያልነበረው ሰው ሉክን ለማዳን ከውጊያው መሐል መመለሱ ክብደት ያገኘው ከዚያች ጥይት ነበርና። ከመነሻው ንጹሕ የሆነ ከምን ይመለሳል?

አዲስ ቅጂ መሥራት የሉካስ መብት ነው፤ አሮጌውን ከተመልካች ዐይን ማራቅ ግን ሌላ ነገር ነው። (እርሱ ራሱ በ1988 በአሜሪካ ምክር ቤት ቀርቦ የቆዩ ፊልሞች መለወጣቸውን ተቃውሞ ነበር።) አፍቃሪዎቹ ያረጁ የፊልም ጥቅሎችን እያሰሱ የ1977ቱን ሶሎ መልሰው አቀናበሩት።